ከመረቡ ማዶ

ቤጂንግ፣ ማርች 2 ቀን 1998

ሊሁዋ፣

ደብዳቤሽ የፋኖስ በዓል ካለፈ በኋላ ደረሰኝ። መልሱ የዘገየው በስንፍና አይደለም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይመስል ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ ለቅሶ ቤት። ይኼኛው ምን እንደሚመስል አንቺ ትነግሪኛለሽ።

አዎ፣ አሁንም ብሔራዊ ቡድኑ ማደሪያ ውስጥ እዚያው ክፍል ነኝ። በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋሽ ላይ ቻይ ዪንግ የምትባል ልጅ ትተኛለች። ሃያ ዓመቷ ነው። ቁመቷ አልጋውን ስለሚያልፍ እግሯን በብረቶቹ መሃል አሾልካ ነው የምትተኛው። ጥንድ ሆነን መጫወት ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። እንዴት እንደተጣመርን ጠይቀሻል። አንቺንና እኔን እንደለያዩን ነው። ከቁርስ ስንመለስ ስማችን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ተለጥፎ ነበር። ያኔ አንቺን ወደ ክፍለ ሀገራችን የባድሜንተን ቡድን መልሰው ሲልኩሽ ሰሌዳውን እያየን ምንም እንዳልተነጋገርን አሁንም ምንም የተነጋገረ የለም። ልጅቷ ስሜን ጠርታ "እሺ ያቺን እህት፣ ሻንጣዬን ላምጣ" አለችኝ፤ "አምጪ" አልኳት፤ በቃ።

ፓስፖርት በመቀየርሽ ተቆጥተው እንደሆነ ለጠየቅሽው፦ እዚህ ቁጣ ረጅም ጊዜ አይቆይም። ዋናው አሰልጣኝ ወሬውን ምሳ ላይ ነው የሰማው። "እንግዲህ ሆላንዶችም ሰርቪስ መቀበል ሊማሩ ነው" አለና ሩዙን ቀጠለ። ወጣቶቹ አያውቁሽም። አንዷ "ሚያኦ ሊሁዋ ወንድ ናት ሴት?" ብላ ጠየቀች። ሴት ናት አልኳት፤ ስትስቅ ግን እንደ ወንድ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ግን በደብዳቤ የሚጠየቅ አልነበረም። ፖስታ ከታች የምታመጣልኝ ቻይ ዪንግ ናት፤ ቴምብር ስለምትሰበስብ ፖስታውን ከእኔ በፊት ትቀደዋለች። ግራ ጉልበቴን ማታ ማታ በዘይት የምታሺልኝ አንቺ ነበርሽ፤ ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። አሁን ራሴ አሸዋለሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌ። ደረጃ ስወርድ ይብስብኛል። ስለዚህ የጫማዬን ክር የማስር እየመሰልኩ ሌሎቹን አስቀድማቸዋለሁ። ወደ አትላንታ ኦሎምፒክ ሌሎች ሄዱ። የቀረኝ ሲድኒ ነው፤ ከሲድኒ ወዲያ ለእኔ የለም። ተተኪዎቹ በራፉ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በሃያ ስምንት ዓመቴ ጉልበቴ ታሟል ማለት ሻንጣዬን አውርዱልኝ ማለት ነው። ስለዚህ ደግመሽ አትጠይቂኝ።

ብርዱ አልለቀቀንም። አየሩ ስለደረቀ የላባ ኳሶቹ በሁለት ምት ይሰባበራሉ። አሁንም ከጨዋታ በፊት በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ይዘን እናለሰልሳቸዋለን። አንቺ ጣትሽን ያቃጠልሽበት ማንቆርቆሪያ አለ፤ እጀታው ብቻ ተቀይሯል።

ያቺን


ሃርለም፣ ሆላንድ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1998

እታለሜ፣

ደብዳቤሽ ለቅሶ ቤትም ማስታወቂያም አይመስልም። የተቆጣ ሰው ይመስላል፤ ካንቺ መሆኑን በዚያ አወቅኩት። ስለዚያ ነገር ደግሜ አልጠይቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ከደብዳቤው በኋላ በላክሽው ካርድ ምን እንደምበላ ላልሽው፦ ጠዋት ዳቦ በቺዝ፣ ቀን ዳቦ በቺዝ። ማታ ድንች ነው፤ እሱም ላይ ቺዝ አለ። እሑድ ባቡር ተሳፍሬ አምስተርዳም እሄድና አንዲት ቬትናማዊት ከምትሸጠው የሎተስ ሥር ገዝቼ ከአሳማ ጎድን ጋር እቀቅላለሁ። የእናትሽን ሾርባ ግን አይመስልም። አራት ዓይነት ድስት ሞክሬያለሁ። ጥፋቱ የውሃው ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ከማን ጋር እንደምጫወት ጠይቀሻል። ኢልሰ ትባላለች። የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። እዚህ አዳራሹ ውስጥ ሰው የሚመጣው ከሥራ በኋላ ነው፤ አናጢውም፣ አስተማሪውም፣ የባንክ ሠራተኛውም ራኬቱን በብስክሌት ጭኖ ይመጣል፤ ልጆቻቸው ወለሉ ላይ ይተኛሉ። የመጣሁ ሰሞን ኢልሰ ፊቴ ቆማ "ከእኔ ጋር ጥንድ ሆነሽ መጫወት ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላወቅኩም፤ በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ዞሬ አሰልጣኙን አየሁት። ሙዝ እየበላ ነበር።

"እኔን ምን ታይኛለሽ?" አለኝ። "የጠየቀችው አንቺን ነው።"

"እሺ ልበላት?"

"ከፈለግሽ።"

ስፈልግና ሳልፈልግ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰማኝ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ እሺ አልኳት። ደግ ልጅ ናት፣ ትሮጣለች፣ ተሸንፋም ትስቃለች። የአንቺ ፊት ከሽንፈት በኋላ ምን እንደሚመስል ስነግራት አላመነችኝም።

ጨዋታዬን ለጠየቅሽው፦ መረቡ ስር አሁንም የሚቀድመኝ የለም። ችግሩ ከኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኋላውን መስመር ያየሽልኝ አንቺ ነሽ። ወደ ኋላ ስሮጥ "ምቺው" ወይም "ተይው" ትይኛለሽ፣ እኔ እሰማለሁ እንጂ አላስብም ነበር። ኢልሰ እንዲህ አታደርግም። እዚህ ሜዳ ላይ ሰው አይጮህም፤ ድምፅ ከወጣቸውም ይቅርታ ለማለት ነው። ኳሱ በላዬ ወደ ኋላ ሲበር አሁንም ጆሮዬን እሰጣለሁ። የሚመጣ ድምፅ ሲጠፋ ሁሉንም እመታዋለሁ፤ ብዙው ብተወው ኖሮ ውጭ የሚወድቅ ነው።

አሰልጣኝ ፉ በሕይወት አሉ? ያ ገመድ ትዝ ይልሻል?

ሊሁዋ


ቤጂንግ፣ ጁን 15 ቀን 1998

ሊሁዋ፣

አሰልጣኝ ፉ በሕይወት አሉ፤ እንዲያውም ጡረታ ከወጡ በኋላ ወፍረዋል። ጂንግዦው ውስጥ ወንዙ ዳር የእግረኛ መንገድ ላይ ቼዝ ይጫወታሉ፤ የሚያሸንፋቸው ሰው ሲመጣ ዓይኔ ደከመ ይላሉ።

ገመዱ እንዴት ይረሳኛል። አንቺ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ እኔ አሥራ ሦስት። ወገባችንን ባንድ ገመድ ግራና ቀኝ አስረው ከጠዋት እስከ ምሳ እንድንንቀሳቀስ አደረጉን። አንቺ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ሄድንና ሁለታችንም በቂጣችን ተቀመጥን። "ገመዱ ምንም አልሆነም" አሉን። "የወደቃችሁት እናንተ ናችሁ። ተነሡ።" የሚፈቱን ለሽንት ብቻ ነበር። አንቺም ይህን ካወቅሽ በኋላ ሽንትሽ በየደቂቃው ይመጣ ጀመር። በመጨረሻ ገመዱን አስረዝመው አብረን እንድንሄድ አዘዙ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ከውስጥ ሆነሽ "አትጎትቺኝ" እያልሽ የጮህሽው እስከ ወጥ ቤት ተሰምቷል። በክረምቱ መጨረሻ ሲፈቱን ግን ሁለታችንም ለጥቂት ቀናት መንገድ ላይ ስንሄድ እየተጠጋጋን እንጋጭ ነበር።

ሜይ ላይ በውጤቱ ዝርዝር ስሜን ለምን እንዳጣሽው ጠይቀሻል። ጉንፋን ይዞኝ ነው። ጉንፋን ብለሽ አንብቢው።

ቻይ ዪንግ ደብዳቤዎችሽን ቆጥራ ጨርሳለች። ትናንት "ያቺን እህት፣ ይቺ ሴትዮ ይህን ሁሉ ምን ትጽፍልሻለች?" አለችኝ።

"ስለ ቺዝ።"

"አራት ገጽ ሙሉ?"

"ብዙ ዓይነት ነው።"

"የበሬው ስዕል ያለበትን ቴምብር ደግማ እንድትልክ ንገሪያት" አለችና ወደ መስኮቱ ዞራ ተኛች። ጥሩ ልጅ ናት። ከላይ ስትመታ አዳራሹ ይሰማል። ግን ሜዳ ላይ የምንነጋገረው ስንት ነጥብ እንደያዝን ብቻ ነው። ምናልባት ዕድሜዬ ነው፤ ከእሷ እኩያ ጋር ምን እንደሚወራ ረስቼዋለሁ።

አንድ ዜና ልንገርሽና ላብቃ። በኦክቶበር ዉሃን ውስጥ፣ በገዛ ክፍለ ሀገራችን፣ ዓለም አቀፍ ውድድር ይደረጋል። ለሲድኒ ማን እንደሚታጭ መመልከት የሚጀምሩት ከዚያ ነው ተብለናል። የሆላንድ ቡድን ይመጣ እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ከመጣ ታውቂዋለሽ።

ያቺን


ሃርለም፣ ኦገስት 20 ቀን 1998

እታለሜ፣

በመጀመሪያ ስለ ቤተሰቦቼ ላልሽው፦ የጎርፉ ውሃ ምድር ቤቱን ሞልቶታል፤ እነሱ ግን አጎቴ ጋ አራተኛ ፎቅ ወጥተዋል። አባቴ ዶሮዎቹንም ይዞ ነው የወጣው፤ አጎቴ ከጎርፉ ይልቅ በዶሮዎቹ ተማሯል። እዚህ ዜናው በየማታው ያንግዜ ወንዝን ያሳያል። ወታደሮቹ ግድቡ ላይ ጆንያ ሲደረድሩ አያለሁ፣ የማውቀው ሰው ይኖር እንደሆነ ፊታቸውን እመለከታለሁ። ጎረቤቴ "አገርሽ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ፓስፖርቴ ትዝ አለኝና ምን ማለት እንደነበረብኝ ግራ ገባኝ።

አዎ፣ እንመጣለን። ኢልሰና እኔ ስማችን ገብቷል። ኢልሰ ለመለማመድ ብላ ከሥራዋ ያለደመወዝ ፈቃድ ወስዳለች፤ በቾፕስቲክ፣ በሁለቱ ቀጭን እንጨቶች፣ መብላት ለማወቅ ብላ እርሳስ በእርሳስ እያነሳች ትለማመዳለች።

ሳልነግርሽ ያለፍኩት ነገር አለ፤ ሁለት ሳምንት ይዤው ከረምኩ። አሰልጣኙ ጠራኝ። ፊት ለፊቱ ወረቀት ነበር።

"ዦንግ ያቺንን ታውቂያታለሽ አይደል?"

"አውቃታለሁ።"

"ድክመቷ የት ላይ ነው?"

"ቁርስ ላይ" አልኩት። "ጠዋት ጠዋት ሰው አታናግርም።"

ሳቀ። ወረቀቱን ግን አላነሳም። "አስቢበት" ብቻ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው ነው። እነዚህ ሰዎች ክፍል ሰጥተውኛል፣ ቋንቋ አስተምረውኛል፣ ስሜን ማንም ሳያስገድዳቸው በትክክል መጥራት ተምረዋል። ኢልሰ የጥርስ ሐኪሙን ትታ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ትሮጣለች። እንዴት አድርጌ አላውቅም እላቸዋለሁ? ደግሞስ እንዴት አድርጌ እናገራለሁ? አንቺን ባላውቅሽ ኖሮ ቀላል ነበር።

ምን ልበለው? ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሊሁዋ


ቤጂንግ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1998

ሊሁዋ፣

ንገሪው።

ግራ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ወደ ግራ ፊት ለፊት አጭር ስትጥሉባት አንድ እርምጃ ትዘገያለች በይው። ይህን ከምትፈልጊው በላይ በግልጽ ጽፌልሻለሁ። ቻይ ዪንግ ይህን ደብዳቤ አታየውም፤ ፖስታ ቤት ድረስ ራሴ ሄጄ ነው የማስገባው።

ምን እንደሚከተል አስቤ እንደሆነ ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ መልሱ ይኸው፤ አስቤዋለሁ። ዉሃን ላይ ደጋግማችሁ ወደ ግራዬ ከጎተታችሁኝ የእኛም አሰልጣኞች ያያሉ፤ ዕውር አይደሉም። ያን ጊዜ ሲድኒ ያበቃል። ግን አንቺ ከመረቡ ወዲያ ቆመሽ ሆን ብለሽ ሌላ ቦታ ስትጥይልኝ ማየት ከዚያ የባሰ ነው። ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ቀስ ብለሽ ልታልፊኝ ነው? እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን እነግር ነበር። ይህን ስጽፍ እውነት መሆኑን አላረጋገጥኩም፤ ግን እንዲሆን እፈልጋለሁ።

የአሰልጣኝ ፉ አዳራሽ ምን ሆነ ላልሽው፦ ውሃው አልደረሰበትም። ከየመንደሩ የተፈናቀሉ ሰዎች ገብተውበታል። መረቡ እንደተዘረጋ ነው፤ የሕፃናት ልብስ ያሰጡበታል አሉ። አሰልጣኝ ፉ በዚያ ዕድሜያቸው ጆንያ ሲሸከሙ ሰንብተው ወገባቸው ተያዘ። ግን ዉሃን እንደሚመጡ ጽፈዋል። "ሁለቱም ከሚሸነፉ አንዷ ትሸነፍ" ይላሉ፤ ለማን እንደሚያጨበጭቡ አልጻፉም።

ለኢልሰ ቾፕስቲክ በእርሳስ አይለመድም በያት። ኦቾሎኒ ታንሳ።

ያቺን


ሃርለም፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1998

እታለሜ፣

በሰላም ገብተናል። ኢልሰ ሻንጣዋ ውስጥ ዐሥር ፓኬት ኑድል ይዛ ተመልሳለች፤ በሰሊጥ ለውሳ ስትበላ ቤቱ በሙሉ ጠዋት ጠዋት የዉሃን መንገድ ይሸታል።

እናቴ አልተቀየመችም፤ በካርድሽ ተጨንቀሽ መጠየቅሽን ነግሬያታለሁ። ዉሃን አዳራሽ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠው ጎረምሳ "አንቺ ቺዝ በሊታ፣ እናትሽን አታፍሪም?" እያለ ሲጮህብኝ ዞራ "እናቷ እኔ ነኝ፤ አላፈርኩም። አንተስ እናትህ የት ናት?" ብላዋለች። ከዚያ በኋላ የሱፍ አበባ ፍሬውን አካፈላት አሉ።

ለአሰልጣኙ አልነገርኩትም። ደብዳቤሽን ሦስቴ አንብቤ አጥፌ አስቀመጥኩት። ተቆጪ፤ የማውቀው ቁጣሽ ነው።

አሁን እርስ በርስ ወደ ተጫወትነው ጨዋታ ልምጣ። ሦስተኛው ዙር ላይ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀረን ሰርቪሱ የእኛ ነበር። ኢልሰ መረቡ ጋ ስለነበረች፣ አንቺ ከፍ አድርገሽ ወደ ኋላ ስታሻግሪው የሮጥኩት እኔ ነኝ። ራኬቴን አንስቼ ልመታ ነበር። "ተይው" የሚል ሰማሁ። በሰፈራችን አነጋገር፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ቆጣ ብሎ። እጄ ራሱ ወረደ። ላባው ከመስመሩ ውጭ ወደቀ፤ ዳኛው ጨዋታው አለቀ አለ፤ ኢልሰ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ድምፁ ከኋላዬ ሳይሆን ከፊቴ መምጣቱን ያወቅኩት እሷ ጀርባዬን ስትደበድብ ነው።

"እንዴት ውጭ መሆኑን አወቅሽ?" አለችኝ። "አንቺ እኮ ሁሉን ትመቻለሽ።" ዓይኔ ነው አልኳት። የሆላንድ ጋዜጣ "የበረደ ጭንቅላት" ብሎ ጻፈልኝ። ቆርጠሽ ላኪልኝ ያልሽውን አልልክም፤ አፍሬበታለሁ።

ስንጨባበጥ እጅሽ ቀዝቃዛ ነበር፤ ዓይኔንም አላየሽም። ውጭ አሰልጣኝ ፉን አገኘኋቸው። ያሉበት ወንበር ሩቅ ስለሆነ ሊሰሙ አይችሉም፤ ግን ራኬቴ ሲወርድ አይተዋል። "አስሬያችሁ መፍቻውን ረሳሁት" አሉኝና ወገባቸውን ይዘው ሄዱ።

አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ። አውቀሽ ነው? ደግሞስ ምን አደረጉሽ? ቻይ ዪንግ አጠገብሽ ነበር የቆመችው፤ ሰምታለች አይደል? ከፈለግሽ እጽፍላቸዋለሁ፤ አፏን እንጂ ልቧን አትጠይቁ እላቸዋለሁ። ካስፈለገ ስለ ጉልበትሽም ቢሆን እጽፋለሁ።

ሊሁዋ


ቤጂንግ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1999

ሊሁዋ፣

አትጻፊላቸው። አያስፈልግም።

አውቄ አይደለም። እንዲህ ስልሽ እመኚኝ፤ እዚህ ለመታመን ብዙ ለፍቻለሁ። ኳሱ ከራኬቴ ሲወጣ ረጅም እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ጉልበቴ ስላልታጠፈ ከስሩ አልገባሁም። አንቺ ወደ ኋላ ስትሮጪ አየሁ። ያ እንደ ዳክዬ የምትሮጪው አሯሯጥ። አፌ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ የሰማሁት እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

በስብሰባው ላይ አሰልጣኞቹ ቪዲዮውን አሳዩን። የሚሰማው የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ነው፤ አፌ ግን ሲንቀሳቀስ ይታያል። "ምን እያልሽ ነበር?" አሉኝ። ዓይኔን ከቪዲዮው ላይ አልነቀልኩም። ከዚያ ወደ ቻይ ዪንግ ዞሩ።

"አንቺስ የሰማሽው ነገር አለ?"

"ሕዝቡ ያን ያህል እየጮኸ የራሴን ስም ብትጠሩኝም አልሰማም ነበር" አለች። ፊቷ ምንም አይልም። በዚህ ጉዳዩ ታለፈ፤ ሽንፈቱ ግን አልታለፈም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ሌሎቹ እስኪያልፉ ጠበቅኩ። እሷ አላለፈችም።

"ያቺን እህት፣ ሰምቻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ሁለት ዓመት አብረን ስንጫወት እኔን አንድ ቀን ተይው ብለሽኝ አታውቂም።"

"መስመሩን ታይዋለሽ ብዬ ነው።"

"አላየውም። ቁመቴ ስለሚደርስ ነው ሁሉንም የምመታው።" ጫማዬን አየችና "ቶሎ እንውረድ፤ የጫማ ክር የምታስሪውም በከንቱ ነው። ያደረግሽው ነጠላ ጫማ ነው" አለችኝ።

ጎንበስ እንዳልኩ አየሁት። እውነቷን ነው። ለስብሰባው ብዬ የክፍሌን ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር የወጣሁት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። አንቺ የምታውቂውን ሁሉ። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። "ሳስበው ቀና ብለሽ እንኳ አይተሽኝ የማታውቂ ስለሚመስለኝ ትጠይኛለሽ ብዬ ነበር" አለችኝ። ይህቺ ልጅ አልጋሽ ላይ ሁለት ዓመት ተኝታ እንዲህ ስታስብ ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚያ አልጋ ላይ የማየው አንቺን ነው። ለእሷ ደረቅ መሆኔን ዕድሜ ነው ብዬሽ ነበር። ዕድሜ አይደለም።

በማግስቱ ወደ ሐኪሙ የወሰደችኝ እሷ ናት፤ እጄን ይዛ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። አሰልጣኞቹ ሰምተው እኔ እንደፈራሁት አላባረሩኝም፤ እንዳሰብሽውም አላዘኑልኝም። "ማርች ላይ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ውድድር ላይ እንይሽ" ብለዋል። እዚያ ከሠራሁ ስሜ ከቻይ ዪንግ ጎን ይቆያል። ካልሠራሁ ሌላ ስም ይለጠፋል፤ ይህም ተነግሮኛል። ጉልበቴን አሁን የምታሸው እሷ ናት። እጇ የአናጢ ነው፤ ስታሸኝ አንቺን እናፍቃለሁ፣ ግን አልነግራትም።

ዉሃን ላይ ሦስት ዙር ሙሉ ግራዬን ሳትነኪው ተጫወትሽ። ከእናትሽ በቀር ሰው ሁሉ "ሆላንዶች አላጠኑንም" አለ። አመሰግናለሁ እንድልሽ ጠብቀሽ ከሆነ አልልሽም። ተቀይሜሻለሁ፤ እኔም አንቺን አሸናፊ በማድረጌ ተቀየሚኝ። በርሚንግሃም ላይ ካገናኙን አንቺ የቡድንሽን ጨዋታ ተጫወቺ። እኔም አፌን እይዛለሁ።

ያቺን


ሃርለም፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1999

እታለሜ፣

ካንቺ ደብዳቤ በፊት የቻይ ዪንግ ፖስትካርድ ደረሰኝ። "ስማችን ሰሌዳው ላይ አለ። የበሬው ቴምብር አልደረሰኝም" ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ኢልሰ ተርጉሚልኝ አለችኝ። ተረጎምኩላት። "ይህቺ ልጅ ትመቸኛለች" አለች። ቴምብሩን ዛሬ አብሬ ልኬያለሁ።

በበርሚንግሃሙ ሽንፈት ከፍቶኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። የመጀመሪያው ቀን ከፍቶኝ ነበር። ኢልሰ ወደ ጥርሷ ተመልሳለች፤ በሽተኞቿ ሁሉ ስለ በርሚንግሃም አፋቸውን ከፍተው እያዳመጡ ነው፣ መልስ መስጠት ስለማይችሉ ትወዳቸዋለች። ሲድኒ እንሄድ እንደሆነ ገና አልተነገረንም። አንቺ ግን እንደምትሄጂ ሳስብ፣ ያ ደረጃ፣ ያ መታጠቢያ ቤት፣ ያ ሁሉ መደበቅ ትዝ ይለኝና ወጥ እየሠራሁም ቢሆን እቀመጣለሁ።

ስለ ጉልበትሽ ለአሰልጣኙ ከመሄዳችን በፊት ነገርኩት፤ እንዳልሽኝ። "ዉሃን ላይ ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ። "ያኔ ጥንዴ ነበረች" አልኩት። አልገባውም፤ ግን አልተቆጣኝም።

ግራሽ ላይ ስጥል የመጀመሪያውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጣልኩት ማለት ይቻላል። መለስሽው። ሁለተኛውን ስጥል ዘገየሽ፣ ወደቀ ብዬ ነበር፤ ቻይ ዪንግ ከየት እንደመጣች ሳላያት ያን ረጅም እጇን ዘርግታ አነሳችው። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ግራሽ ላይ መጣል ምንም አልጠቀመንም፤ እሷ እዚያ ነበረች። አንቺም ስትጮሂ ሰማሁሽ። "ምቺው" ትያታለሽ፣ "ተይው" ትያታለሽ፣ ቆጣ ብለሽ። ቻይ ዪንግ የሌላ ክፍለ ሀገር፣ የሻንዶንግ ልጅ አይደለች? የእኛን ሰፈር አነጋገር እንዴት እንደለመደችው አላውቅም። ጆሮዬ ግን በየጊዜው ይነሳ ነበር፤ ለእኔ አለመሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል።

ስለዚያ አንዱ ኳስ ጠይቀሽኛል፤ ሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ያለውን። አዎ፣ ሰምቼ ሳይሆን ሳልሰማ ቀርቼ ነው የመታሁት። ከፍ ብሎ ወደ ኋላ መጣ፤ የመታሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ስሩ ደርሼ ቆሜያለሁ፤ ጊዜ ነበረኝ። ጠበቅኩ። የሰዎች ጫጫታ ነበር፣ የኢልሰ ትንፋሽ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። መታሁት፤ መረቡ ያዘው። ብተወው ኖሮ ግን ከመስመሩ ውጭ አንድ ስንዝር ያህል ይወድቅ እንደነበር ኢልሰ በኋላ ነገረችኝ።

ዞሬ ወደ ማዶ አየሁሽ። አንቺ ቻይ ዪንግን ነበር የምታይው።

ሊሁዋ